የመኪና ጎማ ብሎን በቤት ስለ መለወጥ

አንድ ቤተ ሰብ በመኪና ተሳፍሮ ሲሄድ፥ አባት መንገዱን፥ እናት ልጆቿን፥ ልጆችም በመስኮት የሚያልፈውን አገር ይመለከታሉ እንጂ፥ መንኰራኵሩን ከመኪናው ጋራ ያጣመሩትን አራት ወይም አምስት ብሎኖች የሚያስብ ሰው አይገኝም። ነገር ግን ሞተሩ ቢጠፋ መኪናው ይቆማል፤ መብራቱ ቢጠፋ ጕዞው ይዘገያል፤ ብሎኖቹ ቢበጠሱ ግን መንኰራኵሩ ከመኪናው ተለይቶ ብቻውን ይከንፋል፤ በውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎችና በመንገድ ዳር የሚሄደው ምንም ያላወቀ እግረኛ በአንድነት ለአደጋ ይጋለጣሉ። ጣት የሚያህል ብረት ይህን ያህል ነፍስ የሚጠብቅ ከሆነ፥ የቤት ጌታ ሥራውንና ጠባዩን ማወቅ የሚገባው ስለ መሰለን፥ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለ እርሱ እንጽፋለን።

ይህን ጕዳይ እንድንመለከት ያነሣሣን በልደታ ወገን ያለው የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ወዲህ ከሰፈሮቿ ብዙዎቹ በዚያ በሰፈረው ሹም ወይም የሠራዊት ክፍል ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ የጠመንጃ ያዥም ስም ከማን እንደ መጣ ራሱ ይናገራል። ጠመንጃ የሚይዝ ወታደር አፈ ሙዙን ሳይጠርግ፥ ምላጩን ሳይፈትን አያድርም ነበር፤ በሰልፍ ቀን የሚከዳ መሣሪያ ከጠላት የባሰ መሆኑን ያውቃልና። ዛሬ በዚያው ሰፈር በየግቢው ውስጥና በየፎቁ ሥር ቆመው የሚያድሩት መኪኖች ናቸው። የመሣሪያው ዓይነት ተለወጠ እንጂ፥ ሳይመረምሩ ማደር የሚያመጣው ጕዳት አልተለወጠም።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ የሚባለውን አውቶሞቢል በረሓውን አቋርጦ ወደ አዲስ አበባ በማምጣት ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አቀረበ። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን ባለ እጅ መስደብና መናቅ እንዲቀር በዐዋጅ ከለከሉ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መሆናቸው ሊታሰብ የሚገባው ነው፤ ብረትን የሚያቀና እጅ በተናቀበት አገር አውቶሞቢል ሊኖር አይችልምና። የዚህ ሙያ ቃላትም ብዙዎቹ ከውጭ የመጡ ናቸው። ዳዶ፥ ኩሽኔታ፥ ጎሚስታ የምንላቸው ከኢጣልያ ቋንቋ ተወስደው በሠራተኛው አፍ አማርኛ ሆነው ቀርተዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ እያንዳንዱን ዕቃ ሠራተኛው በሚጠራው ስም እንጠራዋለን።

የብሎኑ ሥራ ምን እንደ ሆነ

መንኰራኵሩ የሚታሰርበትና ከእርሱ ጋራ አብሮ የሚዞረው ብረት ሞዞ ይባላል። ብሎኖቹ ከሞዞው ጀርባ ገብተው፥ ጥርስ ባለው አንገታቸው በቀዳዳው ውስጥ ተቀርቅረው፥ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ በእነርሱ ላይ ቸርኬው ይገባል፤ ከቸርኬው በላይ ዳዶው ይጠብቃል። ብዙ ሰው ብሎኖቹ የመኪናውን ክብደት እንደ ግድግዳ ምስማር ተሸክመው የሚኖሩ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል፤ እንደ ተወጠረ ጅማትም ተመልሶ ለመኰማተር ስለሚታገል፥ ቸርኬውን ከሞዞው ጋራ አጣብቆ ይይዘዋል። ክብደቱን የሚሸከመው በይበልጥ ይህ መጣበቅ ነው። መጣበቁ በላላ ጊዜ ቸርኬው በየዙሩ ይንቀሳቀሳል፤ ብሎኖቹም በየዙሩ ይጐብጣሉ፤ በመጨረሻም ወዲያና ወዲህ እንደሚታጠፍ ሽቦ ይበጠሳሉ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለእነዚህ ብሎኖች የተነገረ ይመስላል። አንዱ በተበጠሰ ጊዜ የእርሱ ድርሻ በግራና በቀኝ ባሉት ጎረቤቶቹ ላይ ይወድቃል፤ እነርሱም ለዓይን ደኅና ቢመስሉ በውስጣቸው ደክመዋል። ስለዚህ ዐዋቂዎች የያዙት ሥርዓት፥ አንድ ብሎን ከተበጠሰ እርሱንና በሁለቱም ወገን ያሉትን ጎረቤቶቹን መለወጥ፥ በአንድ መንኰራኵር ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ከተበጠሱ ግን ሁሉንም መለወጥ ነው።

የሚበላሽበት ምክንያትና ምልክቱ

ብሎንን የሚያበላሹት ነገሮች ጥቂቶች ናቸው። ፊተኛው ከመጠን አልፎ ማጥበቅ ነው። በመንገድ ዳር ጎማ የሚለውጥ ወጣት በመፍቻው ክንድ ላይ ቆሞ ሲዘል ያላየ የለም፤ ባለ መኪናውም ትጋቱን አይቶ ይመርቀዋል። ሒሳቡን ግን እንመልከት። እንደ ኮሮላና እንደ ቪትዝ ላሉት የቶዮታ የቤት መኪናዎች የታዘዘው ማጥበቂያ ኀይል 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህም በአንድ ሜትር ክንድ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ተኩል ያህል እንደ ማንጠልጠል ይቈጠራል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በግማሽ ሜትር ክንድ ጫፍ ላይ ቢቆም የሚሰጠው ኀይል ከታዘዘው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ ቢዘልበት ደግሞ የባሰ ይሆናል። እንዲህ ያለ ብሎን አንድ ጊዜ ከልኩ አልፎ ከተለጠጠ ወደ ቀድሞው አይመለስም።

ሁለተኛው አላልቶ መተው ነው። ሦስተኛው ዳዶውን በእጅ ሳያስይዙ ጠማማ እንደ ሆነ በመፍቻ ማስገደድ ነው፤ ጥርሱ ይበላል። አራተኛው ዝገት ነው። አምስተኛው ደግ መስሎ ጕዳት የሚያመጣ ነው፤ ይኸውም የብሎኑን ጥርስ ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት ነው። ቅባት መፋተጉን ስለሚቀንስ፥ በዚያው ኀይል ያጠበቁት ዳዶ ብሎኑን ከሚገባው በላይ ይስበዋል።

ምልክቱም እንዲህ ነው። መኪናው ቀስ ብሎ ሲሄድ ከአንድ መንኰራኵር ወገን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ መሪው ወይም ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከዳዶው ሥር በቸርኬው ላይ የዝገት መሥመር ወርዶ ይታያል፤ ዳዶው ሲፈታ ወይም ሲጠብቅ ሳይይዝ በባዶ ይዞራል፤ የቸርኬው ቀዳዳ ክብነቱን ትቶ እንደ እንቍላል ይረዝማል። ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው መኪናውን ከማቆም በቀር ሌላ ምክር የለውም። ቀዳዳው የረዘመ ቸርኬም አዲስ ብሎን አያድነውም፤ መጣል አለበት።

በጠመንጃ ያዥ የተመለከትነው

በአንድ የታኅሣሥ ወር፥ በጠመንጃ ያዥ ከሚገኝ አንድ ግቢ ውስጥ፥ አንድ ቤተ ሰብ ለቁልቢ ገብርኤል በዓል ሊሄድ ስንቁን ጭኖ ሳለ፥ ሾፌሩ የኋላውን ጎማ ሲመረምር ከብሎኖቹ አንዱ ተበጥሶ፥ የአንዱም ዳዶ በባዶ ሲዞር አገኘ። የቤቱ ጌታ በዕድሜ የገፉ የቀድሞ ሹም ናቸው፤ ቀኑ እንዳያልፍባቸው ሰግተው፥

«በቀሩት ቀስ ብለን እንሄዳለን፤ ስንመለስ ይሠራል» አሉት።

ሾፌሩም ቆቡን አውልቆ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ ብቻዎን ቢሆኑ እንኳ አልደፍረውም፤ ከኋላ ደግሞ እትዬና ሕፃናቱ አሉ። ቢቈጡኝ ይቈጡኝ እንጂ ቁልፉን አላስነሣም» አላቸው።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፥ «እንግዲያስ ስንቁን አውርዱ» ብለው አዘዙ። ዕቃው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ መጣ፤ የመንኰራኵሩም ብሎኖች ሁሉ በዚያው ግቢ ተለወጡ፤ ቤተ ሰቡም በማግሥቱ ማልዶ ተነሣ። ይህን የምናነሣው፥ ጌታ ለሚያገለግለው ሰው እውነት የመናገርን ነጻነት ቢሰጥ የሚጠቀመው ራሱ መሆኑን ለማሳየት ነው። ሾፌሩ ቍጣን ፈርቶ ዝም ቢል ኖሮ፥ ያ ዝምታ በምን ያህል ዋጋ ይከፈል እንደ ነበረ ማንም ሊያስበው ይችላል።

ዕቃውን ስለ መግዛት

ከሁሉ አስቀድሞ መኪናው እንዲህ ያለ ብሎን ያለው መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ለብዙ ዘመን በታክሲነት ያገለገሉት ሴይቼንቶና ላዳ፥ እንዲሁም የቀድሞው ፎልስ ዋገን፥ ከሞዞው ወደ ውጭ የወጣ ብሎንና ዳዶ የላቸውም፤ በእነርሱ ዘንድ ብሎኑ ራሱ ከውጭ ገብቶ ይጠብቃል። እነዚህን ለመለወጥ መፍታትና ሌላ መግዛት ይበቃል፤ የሞዞው ወይም የታምቡሩ ጥርስ የተበላ እንደ ሆነ ግን የባለ ሙያ ሥራ ነው።

ባለ ዳዶ ለሆኑት፥ አዲሱ ብሎን ከአሮጌው ጋራ በአራት ነገር መተካከል አለበት፤ በውፍረቱ፥ በርዝመቱ፥ በጥርሱ ስፋትና በአንገቱ ውፍረት። የቶዮታ የቤት መኪና ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር፥ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.5 ሚሊሜትር ነው። የኒሳንና የሱዙኪ የቤት መኪናዎች ውፍረታቸው በብዛት ያው 12 ሆኖ፥ የጥርሳቸው ርቀት 1.25 ነው። በዓይን ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ የአንዱን ዳዶ በሌላው ላይ ያስገደደ ሰው ግን ሁለቱንም ያጠፋል። ስለዚህ አሮጌውን ብሎን ከነዳዶው ይዞ ገበያ መሄድ፥ ዳዶውንም ከአዲሱ ጋራ አብሮ መግዛት ይገባል።

የአሠራሩ ሥርዓት

መኪናው በደልዳላና በጠንካራ መሬት ላይ ይቁም። ሕፃናት ከአጠገቡ ይራቁ። የፊት መንኰራኵር የሚሠራ እንደ ሆነ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ የኋለኞቹም መንኰራኵሮች ከፊትና ከኋላቸው ድንጋይ ወይም እንጨት ይወተፍባቸው። የኋላ መንኰራኵር የሚሠራ እንደ ሆነ ግን ታምቡሩን ለማውጣት የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ ስላለበት፥ የፊተኞቹ ሁለቱም በሁለት ወገን በጽኑ ይወተፉ። ዳዶዎቹ ጎማው መሬት ሳይለቅ ጥቂት ይላሉ። ከዚያ በኋላ መኪናው በታዘዘው ቦታ በክሪክ ይነሣ፤ ወዲያውም ጽኑ የብረት መቆሚያ ከሥሩ ይግባ። ክሪክ ለማንሣት የተሠራ ነው እንጂ ለመሸከም አይደለም፤ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር እጁን ወይም ራሱን ያገባ ሰው ነፍሱን በቀጭን ብረት ላይ አስቀምጧል። የወለቀውም ጎማ ጋደም ተደርጎ ከመኪናው ሥር ቢቀመጥ፥ መቆሚያው ቢከዳ ይረዳል።

ዲስክ ፍሬን ላለው መንኰራኵር ካሊፐሩ ተፈትቶ በሽቦ ይንጠልጠል፤ በፍሬን ዘይት ቱቦው አይንጠልጠል። ቀጥሎ ዲስኩ ይወጣል። ፍሬኑ ተፈትቶ ሳለ ማንም ሰው ፔዳሉን እንዳይረግጥ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ ሞዞው በእጅ እየዞረ፥ የተበላሸው ብሎን ራስ ከበስተ ጀርባ ባዶ ቦታ ወዳለበት ይምጣ። ይህ ባዶ ቦታ ከሌለ፥ ወይም አዲሱን በዚያ ማግባት ካልተቻለ፥ ሞዞው ራሱ መውጣት ስላለበት ሥራውን በዚህ ማቆምና ወደ ጋራዥ መላክ ይሻላል።

አሮጌውን ብሎን ለማውጣት የሚሻለው በጠመዝማዛ ማስጨነቂያ ገፍቶ ማስወጣት ነው። ማስጨነቂያ ከሌለ በመዶሻ ጫፉን ቀጥታ መምታት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከሞዞው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ መዶሻን አይወድምና፥ በጥቂት ምት ካልወጣ መታገል አይገባም።

አዲሱ ብሎን ከጀርባ ገብቶ፥ የአንገቱ ጥርሶች አሮጌው በቀረጸው ፈለግ ላይ እንዲውሉ ቀስ ተብሎ ይስተካከል። ከፊት ለፊት ጥቂት ሮንዴላዎች ይደረቡበት፤ በሮንዴላዎቹ መካከል ብቻ ጥቂት ግራሶ ቢነካ ይረዳል። በላያቸው አንድ አሮጌ ዳዶ ጠፍጣፋው ፊቱ ወደ ሮንዴላው ሆኖ ይግባና በእጅ መፍቻ ቀስ እያለ ይጥበቅ፤ ዳዶው ብሎኑን እየሳበ የራሱን ጀርባ ከሞዞው ጋራ እስኪገጥም ድረስ ያመጣዋል። መግጠሙንም ከኋላ በመብራት አይቶ ማረጋገጥ ግድ ነው፤ በፀጕር ያህል እንኳ ክፍተት ከቀረ፥ በመንገድ ላይ ሲገባ ዳዶው ይላላልና። ይህን ሥራ ቸርኬውን ራሱን አግብቶ በዳዶው በመሳብ የሚፈጽሙ አሉ፤ ቸርኬውን ይጐዳል፤ መግጠሙም አይታይም። ለመሳቢያ ያገለገለው አሮጌ ዳዶ ይጣል።

ስለ ማጥበቅ

ጎማው ከመመለሱ በፊት የሞዞው ፊትና የቸርኬው ጀርባ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጉ፤ በመካከላቸው የቀረ ዝገትና አፈር በጥቂት ቀን ተፈጭቶ ሲያልቅ ዳዶው ይላላል። ካሊፐሩም በታዘዘለት ኀይል ይጥበቅ። ከዚያ ዳዶዎቹ ሁሉ ሾጣጣ ወገናቸው ወደ ቸርኬው ሆኖ በጣት ይግቡ። በጣት ያልገባ ዳዶ በመፍቻ አይገባም። ሲጠብቁም ዙሪያውን ተከትሎ አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገሩ፥ በኮከብ መልክ ነው። መኪናው ጎማው መሬት እስኪነካ ወርዶ፥ መጨረሻው ማጥበቅ በልክ ማጥበቂያ መፍቻ ይሁን። ይህ መፍቻ የሌለው ሰው፥ ከላይ ባሳየነው ሒሳብ፥ 103 ኒውተን ሜትር ለታዘዘለት ዳዶ ግማሽ ሜትር በሆነ ክንድ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል መጫን እንደሚበቃ ይወቅ። ለሌላ መኪና ግን በመምሪያ መጽሐፉ የተጻፈውን ይመልከት፤ ልኩ እንደየመኪናው ይለያያልና።

መኪናው ከመነሣቱ በፊት የፍሬን ፔዳሉ ጠንከር እስኪል ድረስ ደጋግሞ ይረገጥ። ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያው ፍሬን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያህል፥ ማለት 100 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፥ ዳዶዎቹ ሁሉ እንደ ገና በልክ ይፈተኑ።

በቤት የማይሠራው

ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ ሳይይዝ የሚዞር እንደ ሆነ ሞዞው አልቋልና ይለወጥ። ይህን ለማዳን በብየዳ የሚያጣብቁ አሉ፤ የብየዳ እሳት የብረቱን ጠባይ ስለሚለውጠው ለዓይን ጽኑ ቢመስልም አይታመንም፤ በገዛ ቤተ ሰባችን ላይ የምንፈቅደው ነገር አይደለም። የጭነት መኪናም የባለ ሙያ ድርሻ ነው። ከጃፓን የመጡት ብዙ የጭነት መኪናዎች በግራ ወገን ያሉት ዳዶዎቻቸው ጥርሳቸው የተገላቢጦሽ ስለ ሆነ፥ ይህን የማያውቅ ሰው ሊፈታ ሲል እያጠበቀ ይበጥሳቸዋል።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፥ በእጃችን ያሉትን አሮጌዎቹን በጥንቃቄ ማቈየት ለብዙ ቤተ ሰብ ግድ ሆኗል። መኪና በቈየ ቍጥር ብሎኑም ብዙ ጊዜ ይፈታል፥ ብዙ ጊዜም ይጠብቃል። ስለዚህ በየቤቱ አንድ ልክ ማጥበቂያ መፍቻና አንድ ጽኑ መቆሚያ ቢኖር፥ ወጪው በአንድ ጕዞ መስተጓጐል ከሚጠፋው አይበልጥም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እርሷስ ያፈሰሰችውን መልቀም ተችሏታል። ስለዚህ ሾፌር ያለው ሾፌሩን፥ የሌለው ራሱን፥ ከረዥም ጕዞ በፊት በነበረው ምሽት፥ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ፈትኖ እንዲያድር እንመክራለን፤ ለአራቱም መንኰራኵር የሚፈጀው ሩብ ሰዓት ያህል ነው።